አቃቂ ላይ የፎቶ ሙዚየም ለመክፈት፦ ቤቱ ይቅደም ወይስ ፎቶው?

የበሰቃ ልጅ | ሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርቷል። ዓምና አረፈ። ከአርባው በኋላ ቁም ሳጥኑን ስናስተካክል ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ክዳኑ ዝጎ አልከፈት ሲለን በቢላ ፈለቀቅነው። ውስጡ እስከ አፍ ገደፉ ፎቶ ነው።

ሠርግ አለ። ክርስትና አለ። ለጥምቀት ነጭ በነጭ ለብሰው የተሰለፉ ልጆች አሉ። ጠርዙ በዚግዛግ የተቆረጠ ጉርድ ፎቶማ ብዛቱ።

አንዱ ግን ከእጄ አልወጣ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መዳፍ ቢያክል ነው። አንድ ፉርጎ ቆሟል። ከፉርጎው ፊት 11 ሰዎች አሉ፤ ሰባቱ ቆመዋል፣ አራቱ ተንበርክከዋል። አባቴን ለየሁት። ከቆሙት ከቀኝ ሁለተኛው ነው፣ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። ከአጠገቡ ያለው ሰውዬ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ግን ያመመው አይመስልም፤ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ከተንበረከኩት አንዱ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ይዟል። ፎቶውን ገለበጥኩት። ስም የለም፣ ቀን የለም። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብቻ ግማሹ ተፍቆ ይታያል።

እናቴን ጠየቅኳት። «እነዚህ እኮ ቤታችን ይመጡ ነበር፣ እኔ ነኝ ቡና ያፈላሁላቸው» አለችኝ። ስማቸውን ግን አንድም አላስታወሰች። አባቴን በሕይወት እያለ አለመጠየቄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ወደ ሐሳቤ። ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት አለ። የእንጨት በረንዳ አለው። ከአብዮቱ ወዲህ የቀበሌ ቤት ሆኖ አራት አባወራ ይኖርበት ነበር። ሰዎቹ ወጥተዋል፣ አሁን ተቆልፏል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአቃቂ ሰዎች ፎቶ ይታየኛል። የባቡር ሠራተኛው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወዛደር፣ የሰፈሩ አዋላጅ። ሙዚየም ሲባል ሁሉም መሀል ከተማ ነው፤ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ መስቀል አደባባይ። ዳር ላይ የኖረ ሰው ፊቱ የሚታይበት ግድግዳ ለምን አይኖረውም?

አምስት ጓደኞቼን ሳማክር ሦስቱ «እኛም ቤት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ አለ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ ወይም ያየ አለ? ከምን ይጀመራል?

ሚሚ ሳሪስ | ሰኞ፣ ምሽት 2፡31

ነፍስ ይማር ወንድሜ። የእኛ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ አልጋ ሥር። ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ። እማዬ ገና አልተኛችም፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማን ማን እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

ኖራና ጭቃ | ሰኞ፣ ምሽት 3፡05

የበሰቃ ልጅ፣ እኔ ሙያዬ ሕንፃ ነው። የቆዩ ቤቶች ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ስለ ቤቱ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ባለቤቱ ማን ነው? የቀበሌ ቤት ከሆነ ነገሩ የሚነሳው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነበት። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ። በዚያች ኪራይ ደግሞ ጣሪያ አይጠገንም። ቆርቆሮው ሲያፈስ ተከራዩ ላስቲክ ያለብሳል፣ ድንጋይ ይጭንበታል፣ ክረምቱን ያልፋል። ስንቱ ጥሩ ቤት እንዲህ ሆኖ አለቀ። ስለዚህ የአንተ ቤት ቁልፍ ያለው ወረዳው ዘንድ ነው፤ ደብዳቤ ማስገባት አለብህ። በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የተመዘገበ ቅርስ ሳያስፈቅዱ መጠገን አይቻልም። በጎ ሐሳብ ይዘህ ሄደህ ጥፋተኛ እንዳትሆን።

ሁለተኛው ነገር ግድግዳው ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል። ክረምት እርጥበት ይስባል፣ በጋ ይለቀዋል። ኋላ አንድ ሰው ይመጣና ላሳምረው ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ያኔ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ቀለሙ ይላጣል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው ይወጣል። እዚያ ላይ ፎቶ ሰቅለህ ክረምቱ ሲወጣ ብታየው ሻጋታ በልቶታል። ሲሚንቶው ተነስቶ በኖራ መለሰን አለበት፣ ከዚያም እስኪደርቅ መጠበቅ። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የቆየ ቤት ሙዚየም መሆን እንደሚችል ማስረጃው እዚሁ ከተማችን ነው። የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ሀብተገብርኤል ቤት ነበረ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ግን አንዱ ከጀርባው ከተማ አስተዳደር አለው፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ። ከአንተ ቤት ጀርባ ማን አለ? ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። የመብራቱን፣ የጥበቃውን፣ የጣሪያውን የሁለተኛ ዓመት ወጪ ማን ይከፍላል ብለህ ከአሁኑ እንድትጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሁልጊዜ ይገኛል።

እታለም ከፍሎረንስ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የእናትህ የቡናው ነገር አስለቀሰኝ።

እኔ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ከመጣሁ 20 ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ አቅመ ደካሞችን ማስታመም ነው። አንተ የምትለው ዓይነት ሙዚየም እዚህ ነበር። ነበር ነው የምልህ።

ሳንታ ማሪያ ኖቬላ የሚባል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፊት ለፊቱ አደባባይ፣ ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ ቅስት በቅስት የሆነ የድሮ ሕንፃ። ጥንት ሆስፒታል ነበረ። ኋላ የቶስካናው መስፍን ፒዬትሮ ሊዮፖልዶ የድሃ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት አደረገው፤ ሊዮፖልዲኔ የሚባለው በእሱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያ ሕንፃ ውስጥ የአሊናሪ የፎቶግራፍ ሙዚየም ተከፈተ። አሊናሪዎች ወንድማማቾች ናቸው። ፎቶ ቤታቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው፤ እኛ ገና በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ላይ እያለን ማለት ነው።

ያኔ አስታምማቸው የነበሩት ሴትዮ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። አንድ ቀን «ፎቶ ልናይ እንሂድ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ዝም ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ። ለካ ሙዚየሙ ለዓይነ ስውራን ያዘጋጀው ክፍል አለ። 20 ፎቶዎች በእጅ እንዲዳሰሱ ጎላ ጎላ ተደርገው ተሠርተዋል። ከጎናቸው በብሬል ተጽፏል። ሴትዮዋ ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ አስኬዱት። ጨርቁ ሲነካ ሌላ ነው፣ ድንጋዩ ሲነካ ሌላ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል። «ይሄ ትከሻ ነው፣ ደክሞታል» አሉኝ። እኔ ዓይን ያለኝ ሰው ያንን ትከሻ ልብ አላልኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ውሰጂኝ ይሉኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙዚየሙ ተዘጋ። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያው ዓመት እዚያው ሕንፃ ውስጥ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። እሱም መልካም ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ሴትዮዬ «ያ ክፍልስ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ልነግርህ የፈለግኩት እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ተዘጋ፣ ፎቶው ግን አልጠፋም። አሊናሪዎች ከድሮ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይሰጡ ነበር። የት ቦታ፣ ምን እንደሆነ ጽፈው ካታሎግ ያሳትሙ ነበር። ዛሬ ስብስቡ ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የቶስካና ክልል መንግሥት ጠቅልሎ ገዛውና የሕዝብ ሆነ። የሚገዛው ነገር ስም ስላለው፣ ቁጥር ስላለው ነው። እዚያ ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ የተሰቀለው የዘለቀው ስምንት ዓመት ነው። የተጻፈው ግን ከ150 ዓመት በላይ ዘልቋል።

እና ልጄ፣ ቤቱን ተወው አልልህም። መጀመሪያ ግን እናትህ አጠገብ ደብተር ይዘህ ተቀመጥ።

የታክሲ ተራው | ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡40

እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። «መጀመሪያ እንመዝግብ» የተባለ ነገር እኛ ዘንድ መዝገብ ሆኖ ሲቀር ነው ያየሁት። ሰው ፎቶውን ከአልጋ ሥር የሚያወጣው የሚወስድበት ቦታ ሲኖረው ነው።

ባለፈው የሰፈራችን ዕድር ድንኳን ውስጥ አንድ ልጅ የዕድሩን የድሮ ፎቶ አሳትሞ ሸራው ላይ ሰካክቶት ነበር። ስድስት ፎቶ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ካርታውን ጥለው ተነሱ። «ይሄ እገሌ ነው»፣ «አይደለም፣ ወንድሙ ነው» ሲባባሉ አመሹ። ያንን ፎቶ በስልክ ብትልክላቸው አያዩትም። ቢያዩትም ብቻቸውን ነው። ግድግዳ ሰው ይሰበስባል። ስለዚህ ቤቱ ያስፈልጋል፣ አሁኑኑ ያስፈልጋል።

እታለም ከፍሎረንስ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡02

የድንኳኑን ነገር ወደድኩት። ልክ ነህ ልጄ። ግን ያን ምሽት «ይሄ እገሌ ነው» ሲሉ ማን ጻፈው?

የታክሲ ተራው | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ማንም አልጻፈም እትዬ። እውነትዎን ነው።

ጨለማ ክፍል | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡50

ፎቶ ቤት 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ፊልም አጥቤአለሁ፣ አትሜአለሁ፣ ጉርድ ፎቶ ቆርጬ ለጣቴ ቅርጽ ወጥቶለታል። ቀኑን ሙሉ ይህን ክር ሳነብ ዋልኩ። አንድ ነገር ልናዘዝ።

ዲጂታሉ ሲመጣ የምሠራበት ቤት ማሽን ቀየረ። ኔጋቲቩ የተቀመጠበት መደርደሪያ ቦታ ይዟል ተባለ። በየፖስታው ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ተጽፎበት የተቀመጠ የ30 ዓመት ኔጋቲቭ ነበር። ወደ ማዳበሪያ ከረጢት እንድንገለብጠው ታዘዝን። እኔ ነኝ የተሸከምኩት። 14 ከረጢት። የመጨረሻውን ሳስር አንድ ቁራጭ ወደቀብኝና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየሁት። ሙሽራ ናት። ፊቷ ጥቁር፣ ቬሏ ጥቁር፣ ፀጉሯ ነጭ፤ ኔጋቲቭ እንደምታውቁት ሁሉን ይገለብጣል። መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኳት። አንድም አላስቀረሁም። ያን ጊዜ የደመወዝ ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ። ዛሬ ግን በዚያ ሰፈር ሳልፍ ስንት ሰው የሠርጉን ኔጋቲቭ እኔ ጀርባ ላይ ሆኖ እንደወጣ አስባለሁ።

ስለዚህ የበሰቃ ልጅ፣ በቆርቆሮህ ውስጥ ኔጋቲቭ ካለ እንዳትጥል። ፎቶው ቢጠፋ ከኔጋቲቩ ይወለዳል። አሽትተው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ያን ከሌላው ለይተህ አስቀምጥ፣ ሌላውንም ይጎዳል፤ ቶሎም ስካን አስደርገው።

ፎቶዎቹን ከዛገው ቆርቆሮ አውጣቸው። እጅህን ታጠብ፣ በደንብ አድርቅ፣ ጠርዝ ጠርዙን ያዝ። የጣት ወዝ ዛሬ አይታይም፣ ከዓመታት በኋላ ግን አሻራህ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የተቀደደውን በፕላስተር አታያይዝ። በላስቲክ የሚሸፈነው ሙጫ ያለበት አልበም ውስጥም አትክተት፤ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ፎቶውን አንቆ ይይዛል። እኔ ራሴ ስንቱን አልበም «ዘመናዊ ነው» ብዬ ሸጫለሁ። ተራ የወረቀት ፖስታና የካርቶን ሣጥን ይሻላል። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርግ፤ ምስጥም እርጥበትም የሚመጣው ከታች ነው።

ጀርባው ላይ ስትጽፍ እስክሪብቶ አታስነካ። ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ለስላሳ እርሳስ ያዝ። ፎቶውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ወረቀት አንጥፈህ ድፋው፣ ጠርዙ ላይ ሳትጫን ጻፍ።

ስካነር ካገኘህ የታተመውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ ነው)፣ ኔጋቲቩን በ2400 አድርገው። ስካነር ከሌለም ስልክህ ይበቃል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት፣ ፍላሽ ሳታበራ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገህ አንሣ። ጀርባውንም አንሣ። ያ ግማሹ የተፋቀ ማኅተም ትልቅ ነገር ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ከአፄ ምኒልክ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ሠርተዋል፣ ታሪክ ያውቃቸዋል። የአቃቂን ሠራተኛ ያነሳው ሰው ግን ማነው? የእሱ ፊርማ ያቺ ማኅተም ብቻ ናት። ወደ ጎን ዘንበል አድርገህ ብርሃን ብታበራበት ፊደሉ ይነበብ ይሆናል።

የካ ዳር | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ቤተሰብ ቆርቆሮ የለውም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በቀይ ሽብር ጊዜ ተይዞ አልተመለሰም። አያቴ እሱ ያለበትን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አብረውት የተነሱት ጓደኞቹ እንዳይታወቁ ብላ ነው። አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ አቆየች። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ሲከፈት እናቴ ይዛኝ ሄደች። ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው። ብዙዎቹ ጉርድ ናቸው። ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ ብለው የተነሱት የመጨረሻ ምስላቸው ሆኖ ቀረ። እናቴ እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ፎቶ ስትሰበስቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። አንዳንዱ ቤተሰብ ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል። አንዳንዱ ግን ያንን ፊት ለራሱ ብቻ ማቆየት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ። ዋናውን ፎቶ አትውሰዱባቸው፤ እዚያው ቤታቸው ገልብጣችሁ መልሱላቸው። ተበድሮ ያልመለሰ ሰው ስንት ቤት አስከፍቷል።

ሚሚ ሳሪስ | ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡12

ትናንት ያልኩትን አደረግኩ። እማዬ 31 ፎቶ ላይ ስም ነገረችኝ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስኪሆን አልተኛንም። ሦስተኛ ክፍል አብራት የተማረች ጓደኛዋን ፎቶ ስታይ የክፍላቸውን መዝሙር ዘመረችልኝ። እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የበሰቃ ልጅ | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ ቤቱን ነበር የወደድኩት። በረንዳውን ነበር ያየሁት። እትዬ እንዳሉት ቢዘጋ ምን ይቀራል ብዬ አላሰብኩም። የታክሲ ተራው ወንድሜም ያልከው ገብቶኛል፤ ሰው ካልተሰበሰበ ስሙ አይወጣም። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። የዕድራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። ገመድ ዘርግተን ቅጂዎቹን በልብስ መቆንጠጫ እንሰቅላለን። ዋናው ፎቶ ከቤት አይወጣም። ከእያንዳንዱ ቅጂ ሥር ባዶ ወረቀትና እርሳስ ይኖራል። የሚያውቅ ይጽፋል፣ መጻፍ የማይችል ለልጆቹ ይነግራል። ኖራና ጭቃ፣ የቤቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን እናስገባለን፤ ብታግዘኝ ደስ ይለኛል።

ማኅተሙን ዘንበል አድርጌ አየሁት። «ፎቶ» የሚለውና ከሥሩ «አቃቂ» የሚለው ይነበባል። መሀሉ ጠፍቷል። ግን አቃቂ ነው! እዚሁ ፎቶ ቤት ነበረን ማለት ነው።

ኖራና ጭቃ | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡05

አግዝሃለሁ። አርብ ጠዋት ቤቱን ከውጭ አይቼ እለካዋለሁ። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ላስቲክ ቢለብስ እንኳ አንድ ዓመት ይገዛልናል።

ለአያቴ የምጽፍ | ሐሙስ፣ ምሽት 1፡25

ጤና ይስጥልን። ይህን የምጽፈው አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነው። 86 ዓመታቸው ነው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የምንኖረው ቃሊቲ ነው። ዛሬ ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። በፋሻ የተጠቀለለው እጅ ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ግራ እጁ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ፉርጎ ሲያያይዝ ጣቱን የተያዘው ነዋ!» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሰውዬውን በስሙ ጠሩት። እዚህ አልጽፈውም፣ ቤተሰቦቹ ስላሉ። እሳቸው ግን ፎቶው ላይ የሉበትም። «ያን ቀን ፈረቃዬ አልነበረም» ይላሉ። እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው ይመስላል።

ሌላም ጻፊልኝ ያሉት አለ። አቃቂን ዳር ዳር አትበሏት፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ሲደርስ አዲስ አበባ ገና አልገባም ነበር፤ ለገሃር የደረሰው ከ2 ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ያኔ መንገደኛው ሁሉ እዚህ ወርዶ ነው በበቅሎ የወጣው። አባታቸው ይነግሯቸው እንደነበር ነው።

«ልጁን ፎቶውን ይዞ ይምጣ በይው፣ ሳይውል ሳያድር» ብለዋል።

የበሰቃ ልጅ | ሐሙስ፣ ምሽት 1፡31

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። እናቴም አብራኝ ትመጣለች። ጋሼን እግራቸውን ሳሚልኝ።

የበሰቃ ልጅ | እሑድ፣ ምሽት 3፡15

ከቃሊቲ አሁን ገባን።

ጋሼ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁን። ማጉያ መነጽር አዘጋጅተዋል። ፎቶውን ስሰጣቸው ጠርዙን ነው የያዙት፤ የልጅ ልጃቸው አስጠንቅቃቸው ኖሯል። ወዲያው አልተናገሩም። መጀመሪያ ፉርጎውን ነው ያዩት። ከዚያ አንድ በአንድ ጣታቸውን ሳያስነኩ ከላይ እያመለከቱ መጥራት ጀመሩ። አባቴ ላይ ሲደርሱ «ይሄ ዘፋኙ ነው» አሉ። እናቴ ደነገጠች። አባቴ ሲዘፍን እኔ ሰምቼው አላውቅም። «ሀዲድ ስንጠግን እሱ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን» አሉን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ተነስታ ቡናውን እኔ ላፍላ አለች።

ከ11ዱ የሰባቱን ስም አገኘን። አምስቱ ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ሁለቱ በቅጽል ስም ብቻ። ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌው ስለነበር ድምፃቸውም ተቀምጧል። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፍኩ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የቆሙትን ከላይ፣ የተንበረከኩትን ከታች። የተነገረንን ቀንና የነገረንንም ሰው ጻፍኩ። የቤቱን ደብዳቤ አርብ ከኖራና ጭቃ ጋር አስገብተናል፣ ተመለሱ ተብለናል። ቅዳሜ ገመዱን እንዘረጋለን፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እዚያው ገልብጠን እንመልስላችኋለን።

አራቱ ገና ናቸው። ከቆሙት የግራው ጥግ ያለው ቀጭኑ፣ እና ከተንበረከኩት ሦስቱ። ኮፍያውን ደረቱ ላይ የያዘውን ጋሼ ብዙ አዩት። «ፊቱን አውቀዋለሁ፣ ሳሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ስሙ ነው የጠፋኝ» አሉ። ከዱከም ይመላለስ እንደነበር ግን ያስታውሳሉ። ዱከም፣ ቢሾፍቱ ዘመድ ያላችሁ፣ የጋሼን ፈቃድና ስማቸውን ያወቅናቸውን ቤተሰቦች ፈቃድ አግኝቼ ፎቶውን ከዚህ በታች አያይዤዋለሁ። ለአባቶቻችሁ አሳዩልኝ። ከተንበረከኩት ከግራ ሦስተኛው ነው።